ትልቁ ዓሣ ለዘር፦ የኩሬዬ ማስታወሻ ከጅማ

መስከረም 20 ቀን 2016

ዛሬ ኩሬውን አጎደልነው። ከጅማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ ያለችው 200 ካሬ ሜትር ኩሬዬ ሦስት ዓመቷ ነው። ውኃው ጉልበት ላይ ሲደርስ መረቡን ከወንድሜ ጋር ጎተትነው። የዓሣው ብዛት ለጉድ ነው። መጠኑ ግን አንጀት አያርስም። አብዛኛው ከመዳፌ አይበልጥም። አንዷን አንስቼ ሚዛን ላይ አስቀመጥኳት፤ 40 ግራም። አፏን ስከፍተው እንቁላል ይዛለች፤ የዚህ ዓሣ እናት እንቁላሏን የምታቅፈው በአፏ ነው። በ40 ግራም እናት ሆናለች ማለት ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ከዚሁ ኩሬ 200 ግራም የሚመዝን ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) አውጥተን ነበር።

ጎረቤቴ አባባ ቡናቸውን ሲያዩ ቆይተው መጡና ከኩሬው ጫፍ ቆሙ። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። ዓሣ አርብተው አያውቁም። ጥያቄያቸው ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ።

"ትልልቆቹን ምን ታደርጋቸዋለህ?"

"ለገበያ ነው አባባ።"

"ትንንሾቹንስ?"

"ወደ ኩሬ ይመለሳሉ። ይወልዳሉ።"

ትንሽ ዝም አሉና "ልጄ፣ እኛ ቤት ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ የሚሰቀለው የዘር በቆሎ ደህና ደህናው ራስ ተመርጦ ነው። ደህናውን በልቶ ኮሳሳውን የሚዘራ ሰው አላየሁም" አሉኝ።

አምና ከሞከርኩት አንድ ትንሽ ሙከራ በቀር ሦስት ዓመት ሙሉ ያደረግኩት ይኸው ነው። ቶሎ ያደገውን ሸጥኩ። የዘገየውን ለወላጅነት አስቀረሁ።

የዓሣው ማነስ ሁሉ የዘር ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም። ቆሮሶ በተጨናነቀ ኩሬ ውስጥ ገና በጥቂት ወሩ ይወልዳል። ቀለቡ ለማደግ መሆኑ ቀርቶ ለመውለድ ይሆናል። ጫጩቱ ሲበዛ ለሁሉም አይበቃም፤ ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል። ትልቁ ችግር እሱ ነው። ግን መጨናነቁን ባስተካክል እንኳ ዘሩን በየዓመቱ ወደ ኋላ እየጎተትኩ መቀጠል አልችልም። ከዛሬ ጀምሮ ዘር እመርጣለሁ። የምሠራውንም እዚህ እጽፋለሁ።

ጥቅምት 8

ወሩን ሳነብ ከረምኩ። ኖርዌዮች ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ እንደ ላምና እንደ በግ በዘር መምረጥ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፤ ከብት በምርጫ ከተሻሻለ ዓሣ ለምን አይሻሻልም?

በቆሮሶ ላይ ትልቁ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1988 ፊሊፒንስ ውስጥ ነው። ስምንት ዓይነት ቆሮሶ ሰበሰቡ። አራቱ ከአፍሪካ ውኃዎች የተያዙ ናቸው፤ ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል። አራቱ ደግሞ እስያ ውስጥ ሲረቡ የነበሩ፤ ከእስራኤል፣ ከሲንጋፖር፣ ከታይዋንና ከታይላንድ። እርስ በርስ አዳቀሏቸው። ከልጆቻቸው ቶሎ ያደጉትን መረጡ። እንደገና አዳቀሉ፣ እንደገና መረጡ። በየትውልዱ ዕድገቱ በአማካይ ከ12 እስከ 17 በመቶ ጨመረ። የዓሣውን ዘር በመርፌ አልነኩትም። የሠሩት የአባባን የበቆሎ ሥራ ነው፤ በሚዛንና በመዝገብ ብቻ።

አንድ ጓደኛዬ "ታዲያ የተሻሻለውን ከውጭ አስመጣውና ተገላገል" አለኝ። አላደርገውም። የኛ ቆሮሶ የዚህ የኦሞ ተፋሰስ ተወላጅ ነው። የኩሬዬ ትርፍ ውኃ ወርዶ ወርዶ ጊቤ ይገባል። ጊቤ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞ ቱርካና። ክረምት ኩሬው ሞልቶ ከፈሰሰ ዓሣው አብሮ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከተቀላቀለ ማንም ለቅሞ አይመልሰውም። ያለኝን እዚሁ አሻሽላለሁ።

ታኅሣሥ 2

ዘር ስሰበስብ ሁለት ወር አለፈ። ለመምረጥ መጀመሪያ ልዩነት ያስፈልጋል። የኔ ኩሬ ዓሦች ከጥቂት እናቶች የተገኙ ወንድምና እህት ናቸው። ከነሱ መካከል ብቻ ብመርጥ ምርጫዬ ጠባብ ነው።

ስለዚህ ከሦስት ቦታ አመጣሁ። አንዱ የራሴ ኩሬ ነው። ሁለተኛው ሰርቦ ያለ የአንድ አርቢ ወዳጄ ኩሬ ነው። ሦስተኛው አሰንዳቦ አጠገብ ያለው የግልገል ጊቤ ግድብ ነው። ከግድቡ አጥማጆች የገዛሁትን በበርሜል አድርጌ በአይሱዙ አመጣሁ። ከ40ው 17ቱ ሞቱ። መረብ ቅርፊታቸውን ልጦት ነበር። ያልሞቱትን ሦስት ሳምንት ለብቻ አቆየኋቸው። ቁስላቸው ሲሽር ነው ከሌሎቹ ጋር የተገናኙት።

አራተኛ ምንጭም ነበረኝ። አንድ ሻጭ ለዘር የሚሆን ብሎ 30 ዓሣ ሸጠልኝ። ቤት መጥቼ አንድ በአንድ ገልብጬ ሳያቸው 30ውም ወንድ ናቸው። ገባኝ። በጫጩትነታቸው ሆርሞን ተቀልበው ወንድ የተደረጉ ናቸው። ወንድ ቆሮሶ ከሴቷ ቶሎ ስለሚያድግ፣ ኩሬውም በጫጩት ስለማይሞላ ለሥጋ ማርቢያ ይሄ የታወቀ ዘዴ ነው። ለዘር ግን አይሆኑም። ከነሱ መካከል በተፈጥሯቸው ሴት የነበሩ አሉ። እነሱ ቢያስወልዱ ልጆቻቸው በአብዛኛው ሴት ይሆናሉ። ደግሞም መጠናቸውን ያመጡት ከሆርሞኑ ይሁን ከወላጆቻቸው በምን ልለየው? ገንዘቡ ቆጨኝ። ወደ ዘሩ ግን አላስገባኋቸውም።

የካቲት 19

ውኃው ሞቀ። ቀን 24 ዲግሪ ደርሷል። ቆሮሶ የሚወደው ከ27 እስከ 30 ነው፤ ጅማ ላይ ያንን አናገኝም። 24 ግን ለመውለድ ይበቃዋል።

ከ12 ቀን በፊት አሥር የመረብ ሳጥን ኩሬው ውስጥ ወጥሬ ነበር። ባለሙያዎቹ ሀፓ ይሉታል። በእያንዳንዱ ሁለት ወንድና ስድስት ሴት አስገባሁ። ዛሬ አንድ በአንድ ከፈትናቸው።

እንቁላል የያዘች እናት ገና ከሩቅ ታስታውቃለች። ጉሮሮዋ ተነፍቷል። አትበላም። ስንቀርባት ጥግ ትይዛለች። በእርጥብ ጨርቅ ይዤ፣ ጭንቅላቷን ወደ ሳፋው ዘቅዝቄ፣ የታችኛውን ከንፈሯን በአውራ ጣቴ ቀስ ብዬ ከፈትኩት። ማሽላ የሚያክሉ ብርቱካናማ እንቁላሎች ተንከባለሉ። አንዳንዶቹ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥብ ይታያል፤ ዓይን ነው። አንዷን እናት ከሳፋው አጠገብ ስለቅቃት ዞራ መጥታ እንቁላሎቿን ፈለገች። ልቤ ተነካ።

ከ60ዎቹ 23ቱ ይዘዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎችም ይይዛሉ። እነሱን ግን አልቀበልም። ይህን ከባለፈው ስህተቴ ነው የተማርኩት። አምና፣ ይህን ማስታወሻ ሳልጀምር፣ ለሙከራ ያህል ከኩሬው ጥቂት ትልልቆችን ሳልሸጥ ነጥዬ ለወላጅነት አስቀምጬ ነበር። ልጆቻቸው ከሌላው በምንም አልተሻሉም። ለምን? የመረጥኳቸው ቶሎ ያደጉትን ሳይሆን ቀድመው የተወለዱትን ነበር። በቆሮሶ ኩሬ ውስጥ የወር ብልጫ ያለው ዓሣ ትልቅ ይሆናል፤ ትልቁ ደግሞ ቀለቡን ይሻማል፤ ይበልጥ ይተልቃል። ዕድሜን ከዘር ጋር አምታታሁ። ስለዚህ የሚወዳደሩት ሁሉ በአንድ ሰሞን የተወለዱ መሆን አለባቸው።

የየእናቷን እንቁላል ለየብቻ አድርገናል። 23 ባዶ ሃይላንድ ቂጣቸውን ቆርጠን ዘቅዝቀን ወራጅ ላይ ሰቀልናቸው። ከላይ ካለው በርሜል በቀጭን ጎማ የሚወርደው ውኃ ከሥር እየገባ እንቁላሉን ቀስ እያለ ያንከባልለዋል። እናቲቱ በአፏ የምታደርገው ይህንኑ ነው። ካልተንከባለለ ሻጋታ ይይዘዋል።

ሚያዝያ 15

ከእያንዳንዷ እናት እኩል 30 ጫጩት ወስጄ ነበር። አንዷ 300 ብትወልድም 30፣ አንዷ 80 ብትወልድም 30። ያለበለዚያ ኩሬው የሁለት ሦስት ቤተሰብ ብቻ ይሆናል። ከ690ው 612 ተርፈዋል። 600ውን ዛሬ ዋናው ኩሬ ውስጥ ለቀቅኳቸው። በካሬ ሜትር ሦስት ማለት ነው።

ቀለባቸው ሁለት እጅ ፉርሽካ፣ አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ። ውኃውን በዶሮ ኩስ አዳብሬዋለሁ። ክንዴን እስከ ክርኔ ስነክረው የጣቶቼ ጫፍ ከአረንጓዴው ውስጥ ይጠፋሉ። እንዲህ ሲሆን ደህና ነው።

ሐምሌ 28

ዝናቡ አላባራም። ውኃው ደፍርሷል። ዋናው ወሬ ግን ሌላ ነው፤ የተለቀቁት መውለድ ጀምረዋል። ዳር ዳሩን የጫጩት መንጋ ይታያል። በወንፊት መረብ በየሳምንቱ እናወጣለን። ከወዳጄ 15 ትንንሽ አምባዛ አምጥቼ ጨመርኩ። አምባዛው ከቆሮሶዎቹ ያነሰ መሆን አለበት። ከበለጠ ጫጩቱን ትቶ ተወዳዳሪዎቼን ይውጣቸዋል።

ጥቅምት 17 ቀን 2017

የሚዛን ቀን። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነሳን። ወንድሜ መረብ፣ ባለቤቴ መዝገብ፣ እኔ ሚዛን።

ከ600ው 445 አገኘን። የቀረውን ወፍ ወስዶታል፤ ረጅም እግር ያለው አንድ ግራጫ ወፍ ጠዋት ጠዋት አይጠፋም።

እያንዳንዱን ገልብጬ ጾታውን አየሁ። ወንዱ ከሆዱ ሥር ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ሴቷ ሦስት። ካላስታወቀ ትንሽ ሰማያዊ ቀለም በጥጥ ስነካበት የሴቷ መሐለኛ ስንጥቅ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። 214 ወንድ፣ 231 ሴት። ወንዶቹ በአማካይ 118 ግራም ናቸው፤ ሴቶቹ 84።

ከምርጫው በፊት አንድ ከባድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። ከመረብ ሲወጡ በየአሥረኛው የመጣውን ዓሣ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ለብቻ አስቀመጥኩ። 44 ሆኑ፤ 19 ወንድና 25 ሴት። እነሱ ማነጻጸሪያ ናቸው። ያለ ምርጫ ይወልዳሉ። ባለቤቴ "ይህን ኮሳሳ ደግሞ ለምን ትቀልበዋለህ?" አለችኝ። ልክ ናት፤ ቀለብ ውድ ነው። ግን የሚመጣው ዓመት ብርድ ቢሆን ወይም ፋጉሎ ቢጠፋ፣ ምርጫዬ መሥራቱን በምን አውቃለሁ? ከማን ጋር አወዳድረዋለሁ?

ከቀሩት 195 ወንዶች ትልልቆቹን 20፣ ከ206 ሴቶች ትልልቆቹን 40 መረጥኩ። ወንድን ከወንድ፣ ሴትን ከሴት ነው ያወዳደርኩት። በጅምላ ብመርጥ ሁሉም ወንድ በሆኑ ነበር። የተመረጡት ወንዶች አማካይ 170 ግራም ሆነ፤ የሴቶቹ 118። የወንዶቹ ብልጫ 52፣ የሴቶቹ 34። ሲካፈል 43 ግራም።

43ቱ ሁሉ ወደ ልጅ አይተላለፍም። ከብልጫው ብዙው የዕድል ነው። ጥሩ ጥግ ያገኘ፣ ቀለብ የሚወድቅበት ቦታ የዋለ ዓሣ አለ። ቆሮሶ ላይ ከክብደት ብልጫ የሚወረሰው ብዙውን ጊዜ ከአምስት አንዱ እስከ ሲሶው ነው። ሩብ ብዬ ብይዝ 11 ግራም ገደማ እጠብቃለሁ።

"ለምን ሦስቱን ግዙፍ ወንዶች ብቻ አትይዝም? የበለጠ አይፈጥንም?" ያለኝ ወንድሜ ነው። 240 ግራም የሚመዝን አንድ ወንድ አለ፤ ሁላችንም ዓይናችን እሱ ላይ ነበር። ግን ዝምድናን በማራቅ በኩል ወላጆቹ ስንት ያህል እንደሚቆጠሩ የሚያሳየውን ስሌት አብረን ሠራነው። የወንዱን ቁጥር በሴቷ አባዝቶ፣ በአራት አባዝቶ፣ ለድምራቸው ማካፈል ነው። በ20 ወንድና በ40 ሴት 53 ይመጣል። በ3 ወንድና በ40 ሴት 11 ብቻ ነው። ሴቶቹ የቱንም ያህል ቢበዙ ወንዶቹ ሦስት ከሆኑ የሚቀጥለው ትውልድ ሁሉ የሦስት አባት ልጅ ነው። ከዚያ ወንድም ከእህቱ ይጋባል፤ ጫጩት ይሞታል፣ ጠማማ ይበዛል፣ ዕድገቱም ይቀንሳል። ወንድሜ አመነ። ግዙፉ ወንድ ከሃያዎቹ አንዱ ሆነ።

የቀሩትን ሸጥናቸው። እያየሁ የምደሰትባቸውን ትልልቆቹን ወደ ኩሬ መልሶ መካከለኛውን ለገበያ ማውጣት ቀላል አልነበረም። ምግብ ቤቶቹ የሚጠይቁት ትልቁን ነው።

ታኅሣሥ 25

ክፉ ሌሊት። የወንዙን ውኃ የሚያስገባው ቦይ ሳይዘጋ አደረ። ጠዋት ቴርሞሜትሩን ስነክር 16 ዲግሪ። ዓሦቹ አይነቃነቁም፤ የተበተነው ፉርሽካ ሳይነካ ተንሳፎ ዋለ። ከተመረጡት አንድ ወንድና ሁለት ሴት ሞቱ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማታ ሳላየው ተኛሁ። ከዛሬ ጀምሮ ቦዩ ከቀትር በኋላ ይዘጋል። የኩሬውን አንድ ጫፍ እስከ ሜትር ተኩል አስቆፍሬዋለሁ። ሌሊት ወደዚያ ይወርዳሉ።

መጋቢት 3

ሁለቱም ዘር በአንድ ሰሞን ወለዱ። ከተመረጡት 16 እናቶች፣ ከማነጻጸሪያው 15። የተመረጡት እናቶች ቢያንስ 25 እንዲሆኑልኝ ነበር የፈለግኩት። ከየእናቷ እኩል ወሰድኩ።

ሚያዝያ 29

ምልክት አደረግንባቸው። ሁለቱን ዘር በሁለት ኩሬ ባሳድግ ልዩነቱ የኩሬው ይሁን የዘሩ አላውቅም። አንድ ኩሬ፣ አንድ ውኃ፣ አንድ ቀለብ መሆን አለበት። ስለዚህ ከሆዳቸው ሥር ካሉት ሁለት ክንፎች፣ ለተመረጡት ልጆች የግራውን፣ ለማነጻጸሪያዎቹ የቀኙን በትንሽ መቀስ ከሥሩ ቆረጥን። ሁለቱም ተቆርጠዋል፤ ጉዳቱ እኩል ነው። 280 ከዚህ፣ 280 ከዚያ። ክንፉ መልሶ ስለሚያድግ ነሐሴ ላይ ይዘን እንደግመዋለን። ጣቶቼ በእሾሃቸው ተበሳስተዋል።

ጥቅምት 22 ቀን 2018

ውጤቱ ይኸው።

ከተመረጡት 201፣ ከማነጻጸሪያዎቹ 193 አገኘን። የወንዱንና የሴቷን አማካይ ደምሬ ለሁለት ስካፍል፣ የተመረጡት ልጆች 103 ግራም፣ ማነጻጸሪያዎቹ 95።

የአምናው በተመሳሳይ ስሌት 101 ነበር። ማነጻጸሪያ ባይኖረኝ ከ101 ወደ 103 ብቻ አይቼ፣ "ለሁለት ግራም ነው ይህ ሁሉ ልፋት?" ብዬ ሥራውን በተውኩት። ግን ዘንድሮ ለሁሉም ክፉ ዓመት ነበር። ፋጉሎ ተወዶ ሁለት ወር ፉርሽካ ብቻ ቀልበናቸዋል። ያልተመረጡት ወደ 95 ወረዱ። የተመረጡት በዚያው ኩሬ፣ በዚያው ቀለብ፣ 8 ግራም በለጧቸው። ያ 8 ግራም የዘር ነው። ባለቤቴ ኮሳሳ ያለቻቸው 44 ዓሦች ይህን ነገሩኝ። መዝገቡን ራሷ ይዛ ስለነበር ቁጥሩን ቀድማ ያየችውም እሷ ናት።

ከጠበቅኩት 11 ያነሰ ነው። ወላጆቹ የነበራቸው ብልጫ 43፣ ልጆቹ የወረሱት 8፤ ከአምስት አንድ የማይሞላ። በአንድ ትውልድና በአንድ ኩሬ የተገኘ ቁጥር ነውና ብዙ አልደገፍበትም። በሚቀጥለው ዓመት 5 ሊሆን ይችላል፤ 12ም ሊሆን ይችላል። ግን አቅጣጫው ወደ ላይ ነው።

ለአባባ ደውዬ ነገርኳቸው። ከቡናው ማሳ መጡና የአንዱን የተመረጠ ዓሣ ጀርባ በጣታቸው ዳሰሱት። "ይሄን አትሸጠውም አይደል?" አሉኝ።

"አልሸጠውም አባባ። ይሄ ጭስ ላይ የሚሰቀለው ነው" አልኳቸው። ሳቁ።

ኅዳር 4

ከዘንድሮዎቹም 20 ወንድና 40 ሴት መረጥኩ። ማነጻጸሪያዎቹንም በየአሥረኛው አስቀረሁ።

አሁን የሚያሳስበኝ ዝምድናው ነው። 16 እናት ትንሽ ነው። ያልተመረጠ ወንድ ከውጭ ባስገባ ያገኘሁት 8 ግራም ይሳሳል። የሰርቦው ወዳጄ ባለፈው ዓመት ከዚሁ ከመሠረቱ ዘር ወስዶ በራሱ ኩሬ መምረጥ ጀምሯል። እሱም በሚዛን፣ በእኩል ዕድሜ፣ ወንዱን ከወንድ ነው የሚያወዳድረው። ተስማማን። የሱ ሴቶች እሱ ጋ ይቆያሉ፣ የኔዎቹ እኔ ጋ። ወንዶቹን ግን በየትውልዱ እንቀያየራለን። ሦስተኛ አርቢ ከአጋሮ በኩል ካገኘን ዙሩ ይሰፋል።

ነገ ጎሕ ሳይቀድ፣ ፀሐይ ሳይወጣ፣ አሥር ወንዶች በበርሜል ወደ ሰርቦ ይሄዳሉ። ዛሬ ቀለብ አልሰጠኋቸውም። ሆዳቸው ባዶ ሲሆን በጉዞ ላይ ውኃውን አያቆሽሹትም። የግዙፉ ወንድ ተራ አልፏል፤ እሱ እዚሁ ይቀራል። ከሚሄዱት ውስጥ ልጁ ይኖር ይሆናል።